የአምፕሊፋየር ፓወር ሰፕላይ፦ ችግርና መፍትሄ

ቤት ውስጥ የተሠራ አምፕሊፋየር ሲበላሽ ቀድሞ የሚወቀሰው አይሲው (ድምፁን የሚያጎላው ባለ ብዙ እግር ጥቁር ቺፕ) ነው። ብዙ ጊዜ ግን አይሲው የሚሞተው በፓወር ሰፕላዩ ጥፋት ስለሆነ ሌላ ከመግዛታችሁ በፊት ቴስተር አውጡና ለኩ። ሶኬቱ ከተነቀለም በኋላ ትልልቆቹ ካፓሲተሮች ኤሌክትሪክ ይዘው ይቆያሉ። ከመንካታችሁ በፊት በ100 ኦም 5 ዋት ሬዚስተር አራግፏቸው።

አይሲው ገና ሲበራ ወይም ሌሊት ላይ ይቃጠላል

ምክንያቱ የበዛ ቮልቴጅ ነው። ትራንስፎርመሩ ላይ "18-0-18" ተብሎ የተጻፈው የኤሲ ልክ ነው። ብሪጅ (ኤሲውን ወደ ዲሲ የሚቀይሩት አራት ዳዮዶች) እና ካፓሲተር ካለፈ በኋላ በ1.41 ይባዛል፣ ዳዮዱ ደግሞ 1 ቮልት ገደማ ይቀንስበታል። ስለዚህ 18-0-18 ወደ ±24 ቮልት (ከመሀሉ ሽቦ አንጻር 24 ፖዘቲቭና 24 ኔጋቲቭ) ይሰጣል። ቲዲኤ 2030ኤ የሚባለው የአምፕሊፋየር አይሲ ጣሪያው ±22 ስለሆነ አይተርፍም። ለሱ ልኩ 12-0-12 ነው፤ ±16 ገደማ ይወጣዋል። መጨረሻው ላይ "ኤ" የሌለው 2030 ደግሞ ጣሪያው ±18 ብቻ ስለሆነ የአይሲውን ጽሑፍ በደንብ አንብቡ። ትራንስፎርመር ጭነት ሳይኖርበት 10 በመቶ ያህል ከፍ ይላል። ሌሊት ሰው ሲተኛ የቤቱ 220 ቮልት 240 ከደረሰ ደግሞ ሌላ 9 በመቶ ይጨመራል። ሁለቱ ሲደመሩ ያ ±16 ወደ ±19 ይጠጋል፤ ኤ የሌለው አይሲ ሌሊት የሚቃጠለውም ለዚህ ነው። ለቲዲኤ 7294 24-0-24 ጥሩ ነው፤ ±33 አካባቢ ይሰጣል፣ ጣሪያው ±40 ነው።

መብራት ሲሄድ ሶኬቱን ንቀሉ፤ ተመልሶ ሲመጣ ጥቂት ደቂቃ ቆይታችሁ ሰኩ።

ቤዝ ሲመታ ድምፁ ይቆራረጣል፣ መብራቱም ይደበዝዛል

ቮሉም ከፍ አድርጋችሁ ዘፈን እየተጫወተ ዲሲውን ለኩ። ከ±16 ወደ ±11 ከወረደ ትራንስፎርመሩ አልቻለም ማለት ነው። ስሌቱ ቀላል ነው፦ የሁለቱን ቻናል ዋት ደምሩና በ1.5 አባዙ። እያንዳንዱ 12 ዋት የሚሰጥ ሁለት ቻናል 24 ዋት ነው፣ በ1.5 ሲባዛ 36 ቮልት አምፒር (የትራንስፎርመር አቅም መለኪያ፣ ቮልት ሲባዛ በአምፒር)። 12-0-12 ባለ 2 አምፒር 48 ይሆናልና ይበቃል። ገበያ ላይ "3 አምፒር" የተለጠፈበት ቀላል ትራንስፎርመር ሞልቷል፤ ወረቀቱን አትመኑ፣ በእጃችሁ መዝኑት። እውነተኛ 50 ቮልት አምፒር የሚችል የብረት ትራንስፎርመር ወደ አንድ ኪሎ ይጠጋል።

ዳዮዶቹንም እዩ። 1ኤን 4007 የሚችለው 1 አምፒር ብቻ ስለሆነ ለዚህ ሥራ አይሆንም። 1ኤን 5408 3 አምፒር ይችላል። ከዚያ በላይ ከሆነ 25 አምፒር የሚችለውን አራት እግር ብሪጅ ሻሲው (የብረት ሳጥኑ) ላይ በብሎን እሰሩ።

ማታ ሁሉም ምጣድና ምድጃ ሲያበራ መስመሩ 180 ቮልት ቢወርድ የእናንተም ±16 ወደ ±13 ይወርዳል። ይህ የትራንስፎርመሩ ጥፋት አይደለም። እንዲህ ባለ ሰፈር ከ100 እስከ 240 ቮልት የሚቀበል አዳፕተርና ቲፒኤ 3116 የተባለው የአምፕሊፋየር ቦርድ ይሻላል፤ ባለ 19 ቮልት የላፕቶፕ ቻርጀር ይስማማዋል፣ ከ26 ቮልት ግን አታሳልፉት። ቦርዱ ላይ "2 በ50 ዋት" የሚለው በ21 ቮልትና በ4 ኦም ስፒከር ነው። በ12 ቮልት አዳፕተር ቢበዛ 18 ዋት ነው፤ ጨምሩ ብትሉት አዳፕተሩ ራሱን ለመከላከል ይጠፋል፣ ይበራል፣ እንደገና ይጠፋል።

ያለማቋረጥ "እምምም" ይላል

መጀመሪያ ቮሉሙን ዜሮ አድርጉ። ድምፁ ከጠፋ ችግሩ የመግቢያው ገመድ ነው፤ ሽፋን ያለው ሽቦ ተጠቀሙ። ካልጠፋ ካፓሲተሮቹን እዩ። 2 አምፒር ሲሳብ በ4700 ማይክሮፋራድ ላይ ቮልቴጁ 4 ቮልት ያህል ይዋዥቃል፣ በ10000 ግን 2 ቮልት ብቻ። ጫፉ ያበጠ ካፓሲተር ካለ አትጠራጠሩ፣ ቀይሩት።

ካፓሲተሩ ደህና ሆኖ ጩኸቱ ከቀጠለ የግራውንዱ (የጋራው ዜሮ ቮልት መስመር) አሠራር ተሳስቷል፤ ብዙ ሰው የሚደክመውም እዚህ ላይ ነው። የትራንስፎርመሩ መሀል ሽቦ መጀመሪያ የሁለቱ ካፓሲተሮች መገናኛ ላይ ይበየድ። የስፒከር፣ የመግቢያና የቦርዱ ግራውንድ እያንዳንዱ በራሱ ሽቦ ከዚያው መገናኛ ይነሳ። የስፒከሩን ግራውንድ በመግቢያው ግራውንድ በኩል ካሳለፋችሁት የስፒከሩ ኮርሬንት ከመግቢያው ድምፅ ጋር ይቀላቀላል። ትራንስፎርመሩንም ከመግቢያው ራቅ አድርጉ፣ ከመታሰሩ በፊት እያጠፋችሁ አቅጣጫውን ቀያይሩና ስሙት።

ፊውዝ ይበጥሳል

ክብ ትራንስፎርመር ሲበራ ለአፍታ ብዙ ስለሚስብ በፍጥነት የሚበጠሰው ፊውዝ አይሆነውም፤ ለ100 ቮልት አምፒር ቀስ ብሎ የሚቃጠል 1 አምፒር ይበቃል። አሁንም ከበጠሰ 60 ዋት የድሮውን ክር ያለው አምፖል (ኤልኢዲ አይሆንም) ከ220ው አንድ ሽቦ ጋር በተከታታይ አስገቡ። ብልጭ ብሎ ከደበዘዘ ደህና ነው፤ ፍም ሆኖ ከቀረ ሾርት አለ። ቦርዱን ንቀሉ፣ ቀጥሎ ብሪጁን፣ አምፖሉ የደበዘዘበት ላይ ጥፋተኛው አለ። አዲስ የተሠራውንም ለመጀመሪያ ጊዜ ያለዚህ አምፖል አታብሩት።

ሻሲው ሲነካ ይነዝራል

የብረቱ ሳጥን ከምድር ጋር አልተያያዘም። ባለ ሦስት እግር ፕላግ አድርጉና አረንጓዴ-ቢጫውን ሽቦ ቀለም በተፋቀ ብረት ላይ በብሎን አጥብቁት። ግድግዳው ላይ ያለው ሶኬት ራሱ የምድር ሽቦ ከሌለው ኤሌክትሪሻን ያስገባላችሁ።

ሙቀትና ሶላር

ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል በላይ ከ2,700 ሜትር ይበልጣል። ብርዱ አያታላችሁ፤ አየሩ ስስ ስለሆነ ሂትሲንኩን (አይሲው የሚታሰርበትን ማቀዝቀዣ ብረት) ያን ያህል አያበርድም፣ ተለቅ ያለ ሂትሲንክ አድርጉ። ሸዋ ሮቢት ላሉ ደግሞ 85 ሳይሆን 105 ዲግሪ የሚችለውን ካፓሲተር ግዙ፤ በ10 ዲግሪ በቀዘቀዘ ቁጥር ዕድሜው በግምት እጥፍ ይሆናል።

መንዝና መስመር ያልደረሰባቸው ሌሎች ቦታዎች በሶላር የምትሠሩ ፓነሉን በቀጥታ ከአምፕሊፋየር ጋር አታገናኙ። "12 ቮልት" የሚባለው ፓነል ጭነት ሳይኖርበት 21 ቮልት ይሰጣል፣ ቲዲኤ 7297 የሚባለው የአምፕሊፋየር አይሲ ግን የሚችለው እስከ 18 ብቻ ነው። ኮንትሮለር (የባትሪውን አሞላል የሚቆጣጠረው) እና ባትሪ መሀል ይግባ፣ አምፕሊፋየሩም ከባትሪው ይነሳ፤ ፊውዙን ባትሪው አጠገብ፣ ቀዩ ሽቦ ላይ አድርጉ።