ለዓይን ዙሪያ የምንቀባው ክሬም፦ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ባለፈው ክረምት እህቴ ከአሜሪካ አንድ ትንሽ ነጭ ቱቦ ላከችልኝ። የሬቲኖል ክሬም ነበር። «ማታ ማታ ተቀቢው፣ ሽብሽባቱን ያጠፋልሻል» አለችኝ በስልክ። ሻንጣ እንዳያጣብብ ተብሎ ካርቶኑ ተጥሏል፣ መመሪያውም አብሮ ሄዷል። ፊቴን ታጥቤ፣ ገና ሳይደርቅ፣ ግንባሬንም ጉንጬንም የዓይኔን ቆብም ለቀለቅኩት። በአራተኛው ቀን ጠዋት መስታወት ፊት ስቆም ሁለቱም የዓይኔ ቆቦች ቀልተው አብጠዋል። ጥጋቸው ላይ ቆዳው እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ተነስቷል። በጨፈንኩ ቁጥር አሸዋ የገባበት ያህል ይቆረቁረኛል። እብጠቱ በሳምንት ሄደ። ከዓይኔ ሥር የተወው ጥቁር ምልክት ግን ሦስት ወር አብሮኝ ከረመ።

«ልኳል ብላ ዓይኗን አጠፋች» የሚባለው ተረት ያን ሰሞን ከአእምሮዬ አልወጣም። ከዚያ ወዲህ ብዙ አነበብኩ፣ የቆዳ ሐኪምም የዓይን ሐኪምም ጠየቅኩ። የገባኝ ይህ ነው፦ የዓይን ዙሪያ ቆዳ የሚፈልገው ጥቂት ነገር ነው። የሚጎዳውም በአብዛኛው በማብዛት ነው። እኔም፣ ጓደኞቼም፣ ምናልባት እናንተም የምንሠራቸውን ስህተቶች አንድ በአንድ ላውጋችሁ።

የፊት ክሬምን እስከ ሽፋሽፍት ድረስ መቀባት

የዓይን ቆብ ቆዳ ከሰውነታችን ሁሉ ቀጭኑ ነው። ውፍረቱ አንድ ሚሊ ሜትር እንኳ አይሞላም። ጉንጭ የሚችለውን እሱ አይችልም። በዚያ ላይ በቆቡ ጠርዝ፣ ከሽፋሽፍቱ ኋላ፣ በዓይን የማይታዩ የቅባት ዕጢዎች ተደርድረዋል። ሥራቸው እንባችን ቶሎ እንዳይተን በስሱ ቅባት መሸፈን ነው። እነሱ ከተጎዱ ወይም ከተደፈኑ ዓይን ይደርቃል፣ ይቆረቁራል፣ ያለቅሳል። ሬቲኖልና ዘመዶቹ እነዚህን ዕጢዎች ሊያውኩ እንደሚችሉ የዓይን ሐኪሞች ያስጠነቅቃሉ።

ደግሞ ክሬም የተቀባበት ቦታ ላይ አይቀመጥም። በቆዳችን ሙቀት ይቀልጣል፣ ይሄዳል፣ በትራስም ይዛመታል። ስለዚህ ጠርዙ ድረስ መቀባት አያስፈልግም። ዓይናችሁ ዙሪያ በጣታችሁ ቀስ ብላችሁ ዳስሱ። ክብ አጥንት ታገኛላችሁ። ክሬሙ የሚቀመጠው እዚያ አጥንት ላይ ነው፣ ወደ ውስጥ አይግባ። ለሁለቱም ዓይን አንድ የምስር ፍሬ የምታህል ትበቃለች። በቀለበት ጣት መታ መታ እያደረጋችሁ ነው እንጂ እየጎተታችሁ አይደለም። ከመተኛታችሁ ግማሽ ሰዓት ቀደም ብትሉ ደግሞ ክሬሙ ትራስ ላይ ሳይሆን ቆዳችሁ ላይ ይደርቃል።

የላይኛው ቆብ ላይ ሬቲኖል? ሐኪም ካላዘዘ በቀር ይቅርባችሁ።

«ካልለበለበ አይሠራም» ማለት

ይህን ከስንቱ ሰምቻለሁ። እኔም አምኜው ነበር። በሁለተኛው ቀን ሲለበልበኝ «እየሠራ ነው» ብዬ ነው የቀጠልኩት።

መለብለብ ቆዳው መቆጣቱን የሚናገርበት መንገድ ነው። የእኛ ዓይነት ጠይምና ጥቁር ቆዳ ሲቆጣ ደግሞ ቀለም ያመርታል። ቁጣው ያልፋል፣ ጥቁረቱ ይቀራል። ቀጭን ሽብሽባት ለማጥፋት ብላችሁ በምትኩ ከሩቅ የሚታይ ጥቁር ክብ ታተርፋላችሁ። ነጭ ቆዳ ላላቸው ሰዎች የተጻፈ ምክር ይህን ብዙ ጊዜ አይነግራችሁም። ለእኛ ግን ዋናው ነገር ይህ ነው።

ሬቲኖል ከቫይታሚን ኤ የሚገኝ ነገር ነው፣ በአግባቡ ሲያዝ ይጠቅማል። ግን ትዕግሥት ይፈልጋል። ለውጥ የሚታየው ከሦስት ወር በኋላ ነው፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ። በሳምንት ሁለት ማታ ጀምሩ። ፊታችሁ ሙሉ በሙሉ ይድረቅ፤ እርጥብ ቆዳ በቀላሉ ይቆጣል። መጀመሪያ ሽታ የሌለው ተራ ማለስለሻ ተቀቡ፣ ከዚያ በላዩ ሬቲኖሉን። ቱቦው ላይ የተጻፈውን መጠንም እዩ። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2024 ባወጣው ደንብ ለፊት ቅባት ከ0.3 በመቶ በላይ ሬቲኖል እንዳይገባ ወስኗል። በሌላ አገር ግን 1 በመቶ የሚልም ይሸጣል። እንዲህ ያለው ዓይን አጠገብ ምንም ሥራ የለውም።

ትሬቲኖይን የሚል ካያችሁ ደግሞ እሱ መድኃኒት ነው። ከሬቲኖል በጣም ይበረታል። ከሰው ተቀብላችሁ አትጠቀሙ። እርጉዝ ከሆናችሁ ወይም ለማርገዝ ካሰባችሁ ሬቲኖልም ትሬቲኖይንም ይቁሙ። በተመሳሳይ ማታ ሬቲኖል፣ ግላይኮሊክ አሲድ (የላይኛውን ቆዳ የሚያነሳ አሲድ) እና ቆዳ መፈተጊያ መደራረብም ቆዳን እያወቁ መግፈፍ ነው።

አዲስ ነገር ስትገዙ መጀመሪያ ክንዳችሁ ውስጠኛው ላይ ትንሽ ቀብታችሁ ለተከታታይ ቀናት ሞክሩት። አንድ ቀን አይበቃም፤ አለርጂ ዘግይቶ ይመጣል።

ማቅያ ክሬምን ለዓይን ሥር ጥቁረት መጠቀም

እዚህ ላይ ቆም ማለት እፈልጋለሁ። ከሁሉም የሚያስፈራኝ ይህ ነው።

አንድ ኮስሞቲክስ ቤት ቆሜ ያየሁትን ልንገራችሁ። ሻጯ ከሦስት ቱቦ እየጨመቀች በፕላስቲክ ዕቃ ውስጥ በማንኪያ ጀርባ ታማስላለች። ቀለሙ ፈዘዝ ያለ ቢጫ ሆነ። ክዳኑን ገጥማ፣ ምንም ሳትጽፍበት፣ ፊት ለፊቴ ለቆመች ወጣት ሰጠቻት። «ማዲያትም፣ የዓይን ሥር ጥቁረትም፣ መሸብሸብም ያጠፋል» አለቻት። ጠረጴዛው ላይ ከቀሩት ባዶ ቱቦዎች አንዱ ላይ ክሎቤታሶል የሚል አነበብኩ።

ክሎቤታሶል በጣም ኃይለኛ ስቴሮይድ ነው፣ የቆዳ ቁጣን የሚያበርድ መድኃኒት። ቤታሜታሶንም ከዚያው ቤተሰብ ነው። ሐኪም ለጥቂት ቀን፣ ለተወሰነ በሽታ የሚያዛቸው መድኃኒቶች ናቸው። መጀመሪያ ላይ ፊት ያበራሉ፤ የሚያታልለውም ያ ነው። ሲቆይ ቆዳው ይሳሳል፣ የደም ሥሮች ይታያሉ፣ ብጉር ይወጣል። ያረጀ የሚመስል ቆዳ ለማዳን የተቀባው ነገር ቆዳውን ቶሎ ያስረጀዋል።

ዓይን አጠገብ ሲሆን ጉዳቱ ወደ ውስጥ ይገባል። ለረጅም ጊዜ ዓይን ዙሪያ የተቀባ ስቴሮይድ የዓይንን ግፊት ሊጨምር፣ የዓይን ነርቭን የሚጎዳውን ግላኮማ ሊያመጣ፣ የዓይን ሞራ ሊያስከትል ይችላል። ሞራ በቀዶ ሕክምና ይነሳል። ግላኮማ የወሰደው እይታ ግን አይመለስም። ብዙውን ጊዜ ሕመም የለውም፤ ሰው የሚያውቀው ብዙ ከሄደ በኋላ ነው።

ከስቴሮይድ ሌላ ሜርኩሪ የገባባቸው ማቅያዎችም አሉ። ሜርኩሪ ኩላሊትንና ነርቭን ይጎዳል። በማቅያ ክሬም ውስጥ እንዳይገባ የሚናማታ ስምምነት በሚባለው ዓለም አቀፍ ውል ተከልክሏል፣ ገበያ ላይ ግን ዛሬም ይገኛል። ስለዚህ ስሙ ያልተጻፈበት፣ የገባበት ያልተዘረዘረ፣ በእጅ የተማሰለ ነገር ዓይናችሁ አጠገብ አይድረስ። ከወራት በፊት ጀምራችሁ ከሆነ ደግሞ ደብቃችሁ አትቀመጡ። በድንገት ሲቆም ፊት ሊቆጣና ሊቀላ ይችላል፤ የቆዳ ሐኪም እየተከታተላችሁ ብታቆሙ ይሻላል። የዓይን ግፊታችሁንም አስለኩ። ምርመራው ደቂቃዎች ነው የሚወስደው።

ማታ ሬቲኖል፣ ቀን ባዶ ፊት

አዲስ አበባ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ነች። በየ1,000 ሜትሩ የፀሐይ ጎጂ ጨረር 10 በመቶ ገደማ ይጨምራል። ለምድር ወገብም ቅርብ ነን። ብርዱ እያታለለን እንጂ ፀሐያችን ብርቱ ናት፣ ቀጭን ደመናም አይመልሳትም። ጥቁር ቆዳ ቶሎ አይቃጠልም፤ ዓይን ሥር ያለው ጥቁረትና መስመር ግን ከፀሐይ ጋር አብሮ ይጨምራል። ሬቲኖል ማታ እየተቀቡ ቀን ያለ መከላከያ መውጣት የቀደዱትን እየሰፉ እንደገና መቅደድ ነው።

ተራው ሰንስክሪን (የፀሐይ መከላከያ ክሬም) ዓይን ሲነካ ሊለበልብ ይችላል። ለዓይን ዙሪያ ዚንክ ኦክሳይድ ወይም ቲታኒየም ዳይኦክሳይድ ያለበት ይስማማል። ነጭ አድርጎ እንዳያስቀራችሁ ቀለም ያለውን ምረጡ። ቀለሙን የሚሰጠው አይረን ኦክሳይድ ነው፣ እሱም ጥቁረትን ከሚያባብሰው ከሚታየው ብርሃን ጭምር ይከላከላል። ሰፊ ባርኔጣና ጥሩ የፀሐይ መነጽር ያላችሁ ግን ከማንኛውም ክሬም በፊት ነው ያተረፋችሁት። ዓይናችሁን ማጨንቆር ስታቆሙ ጥጉ ላይ ያለው መስመርም ይቀንሳል።

ጓዳ ያለው ሁሉ ጉዳት የለውም ማለት

ሎሚ አሲድ ነው። ዓይን ሥር ተቀብቶ ፀሐይ ከነካው ቆዳን እንደ እሳት አቃጥሎ ለወራት የሚቆይ ጥቁር ምልክት ይተዋል። ነጭ ሽንኩርትና ፌጦም ቆዳ ያቃጥላሉ። ፌጦ ለሆድ ይሁን፣ ዓይን ሥር ግን አይሞከርም። ጠዋት ያበጠ ዓይን ካላችሁ በቀዝቃዛ ውኃ የተነከረ ንጹሕ ጨርቅ አሥር ደቂቃ አስቀምጡበት። ርካሽ ነው፣ ይሠራል።

ኩልን መዘንጋት፣ ሜካፕን ፈትጎ ማውጣት

ኩል ባህላችን ነው፣ እወደዋለሁ። ግን በገበያ የሚሸጥ ብዙ የዱቄት ኩል እርሳስ የሚባለው መርዛማ ብረት ይኖረዋል። ብረቱ በዓይንና በእጅ በኩል ሰውነት ውስጥ ይገባል፣ በተለይ ለሕፃናት መርዝ ነው። ሕፃን ልጅ አትኳሉ። ለራሳችሁም የገባበት የተጻፈበትን የዓይን መኳያ መግዛት ይሻላል። ማታ ስታወጡት ደግሞ በሶፍት አትፈትጉ። ጥጥ በማስለቀቂያ አርሳችሁ፣ የተከደነው ዓይን ላይ ለግማሽ ደቂቃ ያዙት፣ ከዚያ ወደ ታች ጥረጉ። በየማታው መፈተግ ብቻውን ቆዳ ያጠቁራል።

ጊዜው ያለፈበትን አለመጣል

«ብዙ ብር ነው የወጣበት» ብለን እንይዘዋለን። ዕቃው ጀርባ ላይ የተከፈተ ጣሳ ሥዕል አለ፤ 6 ወይም 12 የሚለው ከተከፈተ በኋላ የሚያገለግልበት ወር ነው። ማስካራ ከሦስት ወር አይለፍ። ለማንም አታውሱ፣ ከማንም አትዋሱ።

የሽፋሽፍት ማሳደጊያን እንደ ተራ ቅባት ማየት

አንዳንዶቹ ሽፋሽፍት ማሳደጊያዎች ለግላኮማ ሕክምና ከተሠራ መድኃኒት ዘመድ የተወሰዱ ናቸው። ቢማቶፕሮስት ወይም ኢሶፕሮፒል ክሎፕሮስቴኔት የሚል ካያችሁ እወቁ። ሽፋሽፍት ያረዝማሉ። ነገር ግን የዓይን ቆብን ሊያጠቁሩ፣ ከዓይን ዙሪያ ያለውን ስብም ሊያሳሱት ይችላሉ። ያኔ ዓይን ወደ ውስጥ ይሰምጣል፣ ሰውየውም ከዕድሜው በላይ ይመስላል። ለወጣትነት ብሎ ለገዛ ሰው ይህ ከባድ ነው።

ክሬም የማይፈታውን በክሬም መፈለግ

የአንዲት ጓደኛዬ የዓይን ቆብ ለወራት ሲያሳክካት አራት ክሬም ቀያየረች። ጥፋተኛው የጥፍር ቀለሟ ነበር። ጥፍር ላይ ያለው ነገር እጅን ሳያሳክክ ዓይን ቆብ ላይ አለርጂ ሊያወጣ ይችላል፣ ዓይናችንን ስንቱ ጊዜ እንደምንነካ አስቡት። ሽቶና የፀጉር ቀለምም እንዲሁ።

ቆብ ላይ ቢጫ ጠፍጣፋ እብጠት ካያችሁ ኮሌስትሮላችሁን አስመርመሩ። ሁለቱም ዓይን በየጠዋቱ ካበጠና እግርም ካበጠ ኩላሊት ይታይ። ከልጅነት ጀምሮ የነበረ፣ እናታችሁም ያላት የዓይን ሥር ጥቁረት ደግሞ ብዙ ጊዜ ዘር ነው። በእሱ ላይ ገንዘብ ስታፈሱ ያሳዝነኛል።

ክሬም ዓይን ውስጥ ከገባ አትሹ። ኮንታክት ሌንስ ካለ አውጡ። በንጹሕ ውኃ፣ ዓይን ከፍታችሁ፣ ለ15 ደቂቃ እጠቡ። ከዚያ በኋላ ሕመሙ ከቀጠለ፣ እይታችሁ ከደበዘዘ ወይም ብርሃን ካስቸገራችሁ እስኪነጋ አትጠብቁ። አዲስ አበባ ላላችሁ ዳግማዊ ምኒልክ ሆስፒታል የዓይን ሕክምና አለው፤ ለቆዳው ደግሞ አለርት ሆስፒታል አለ። ስትሄዱ የተቀባችሁትን ቱቦ ይዛችሁ ሂዱ። እኔ ይዤ ባልሄድ ኖሮ ሐኪሟ ግማሽ ሰዓት በግምት ትጠይቀኝ ነበር፤ ቱቦውን ገልብጣ አንብባ ግን በሁለት ደቂቃ ምን እንደሆንኩ ነገረችኝ።