ማርሚታ ከመቀየራችሁ በፊት የሚተነፍስበትን ፈልጉ

ልጄ ከትምህርት ቤት ስንመለስ "ራሴን አመመኝ" ማለት የጀመረችው ከአራት ኪሎ ሜክሲኮ ለመድረስ አንድ ሰዓት በሚፈጅበት ሰሞን ነው። መኪና አልስማማት ያለ መስሎኝ ሎሚ እያሸተትኳት ሦስት ሳምንት ሄድን። ለካ ከኋላ ወንበር በታች አልፎ ወደ ማርሚታው፣ ማለትም ወደ ድምፅ ማፈኛው፣ የሚሄደው የጭስ ቱቦ ተሰንጥቆ ጭሱ ወደ ውስጥ እየገባ ኖሯል።

ጥፋቱ የኔ ነው። መኪናዬ 1000 ሲሲ ቪትዝ ናት። ቸርችል ጎዳናን ይዤ ወደ ፒያሳ ሽቅብ ስወጣ ትደክምብኛለች። አንድ ጋራዥ "ካታላይዘሩን አስወልቀህ ወፍራም ቱቦ ብታስበይድ ትነቃለች" ሲሉኝ እሺ አልኩ። ካታላይዘር የጭሱን መርዝ የሚቀንሰው፣ ቱቦው ላይ የሚገጠመው ዕቃ ነው። ድምጿ ጨመረ። ጉልበቷ ግን አልጨመረም፤ እንዲያውም ከቆመችበት ስትነሳ ይበልጥ ከበዳት። ከሁለት ወር በኋላ ደግሞ ብየዳው ተሰነጠቀ።

አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት። አየሩ ስስ ነው። ቱርቦ የሌለው ሞተር ባሕር ዳርቻ ላይ ከሚኖረው ጉልበት እዚህ ሩብ ያህሉን ያጣል። የሚጎድለው የሚገባው አየር ስለሆነ መውጫውን ማስፋት አይመልሰውም። ትንሽ ሞተር ላይ ቱቦው ከልክ በላይ ሲሰፋ ጭሱ ፍጥነቱ ይቀንሳል፣ መኪናውም በዝቅተኛ ዙር ይደክማል። ስለዚህ ማርሚታ "ላሻሽል" የምትሉ ሰዎች፣ ለተራ የቤት መኪና ትልቁ ማሻሻያ ምንም የማይተነፍስ (ጭስ የማያሾልክ)፣ በልኩ የተሠራ ቱቦ ነው።

ካታላይዘሩንም አታስወልቁ። ውስጡ ፕላቲኒየም፣ ፓላዲየምና ሮዲየም አለው። መርዛማውን ካርቦን ሞኖክሳይድ ወደ ካርቦን ዳይኦክሳይድ የሚቀይረው እሱ ነው። እነዚህ ውድ ብረቶች ስለሆኑ አውልቀው የሚሸጡ አሉ። "ለጉልበት ነው አውጣው" የሚላችሁን ሰው የወለቀው ወዴት እንደሚሄድ ጠይቁት።

አሁን ወደ ሥራው። ሞተሩ ሌሊቱን አድሮ በቀዘቀዘበት ጠዋት ጀምሩ። ቦታው ሜዳ ይሁን፣ አየር እንደልብ የሚገባበት። በክሪክ ብቻ የተነሳ መኪና ስር አትግቡ፤ የብረት መደገፊያ አድርጉ። ጉድጓድ ያለው ጋራዥ ለግማሽ ቀን ካስፈቀዳችሁ ደግሞ ከሁሉም ይሻላል።

የሚተነፍስበትን ቦታ መፈለግ ነው ከባዱ። እኔ ሁለት ጋራዥ "ምንም የለውም" ብለው መልሰውኛል፤ ሁለቱም ያዩት መኪናው እንደጋለ ነው። ብረት ሲግል ይሰፋል፣ ስንጥቁም ይገጥማል። ስለዚህ መጀመሪያ ጆሯችሁን ተጠቀሙ። ኮፈኑን ክፈቱና ሞተሩ በቀዝቃዛው ሲነሳ ስሙ። "ቲክ ቲክ ቲክ" የሚል ድምፅ ካለና ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ከጠፋ፣ አብዛኛውን ጊዜ ሞተሩ ጎን ያለው መጋጠሚያ ወይም በመሃሉ ያለው ማሸጊያ፣ ጓርኒሲዮኑ፣ ነው።

ከዚያ ወፍራም ጨርቅ ውሃ ነክራችሁ እጥፍጥፍ አድርጉት። አንድ ሰው መሪው ጋ ይቀመጥ፣ ነዳጅ ሳይረግጥ ሞተሩን ብቻ ያስነሳ። እናንተ ጓንት አድርጋችሁ፣ ከጎን ሆናችሁ የማርሚታውን ጫፍ በጨርቁ ለጥቂት ሰከንድ ያዙት። ቱቦው ጤነኛ ከሆነ ጭሱ ጨርቁን ይገፋዋል፣ ሞተሩም ይጨነቃል። የሚተነፍስ ከሆነ ግን ግፊቱ ደካማ ይሆንና ከስር "ፍስስስ" የሚል ድምፅ ይሰማል። ደጋግማችሁ አድርጉት፤ ግን ባጭር ባጭሩ። ድምፁ ከፊት ይሁን ከመሃል ከለያችሁ ግማሹ ሥራ አለቀ።

ቀጥሎ ላርጎ በውሃ በጥብጣችሁ በመርጫ ጠርሙስ አድርጉ። ቱቦው ገና ሳይግል መጋጠሚያዎቹና ብየዳዎቹ ላይ እርጩ፣ ጨርቁን እንደገና አስያዙ። አረፋ የሰራበት ቦታ እሱ ነው። ቱቦው ከጋለ አትርጩ። አረፋ ካጣችሁ ጥቀርሻ ፈልጉ፤ ጭስ የሚወጣበት ቦታ ዙሪያው ይጠቁራል።

የኔው የተገኘው በእጅ መስታወት ነው። ስንጥቁ ከቱቦው በላይ በኩል፣ ወደ መኪናው ወለል የዞረው ጎን ላይ ነበር። ከስር ተኝቶ የሚያይ ሰው መቼም አያየውም። መስታወትና ባትሪ ይዛችሁ የእያንዳንዱን ብየዳ ጀርባ እዩ። ወለሉ ላይ ያሉት የጎማ ውታፎችና የኋላ በር ጎማም ሙሉ መሆናቸውን አረጋግጡ፤ ጭሱ የሚገባው በእነሱ ነው።

ይህን ያህል የምጨቀጭቀው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታም ቀለምም ስለሌለው ነው። ከደማችን ሄሞግሎቢን ጋር ከኦክስጅን ከ200 ጊዜ በላይ በጠነከረ ሁኔታ ይያያዛል። እኛ ደግሞ በዚህ ከፍታ ቀድሞውንም የምናገኘው ኦክስጅን ያነሰ ነው። መኪና ውስጥ ሰው ራሱን ካመመው፣ ካዞረው ወይም ያለወትሮው እንቅልፍ እንቅልፍ ካለው መስኮቱን ሁሉ ክፈቱ፣ አቁሙ፣ ውረዱ። ካልተሻለው ሐኪም ቤት ውሰዱትና ጭሱንም ንገሯቸው።

የዛገ ቡሎን በጉልበት አይፈታም። ማታውኑ ዝገት የሚያላቅቀውን ደብሊው ዲ ነፍታችሁ አሳድሩት። ጠዋት መጀመሪያ ትንሽ አጥብቁት፣ ከዚያ ፍቱ። ሲመለስ አዲስ ቡሎንና አዲስ ጓርኒሲዮን ይግባ፤ አሮጌውን ጓርኒሲዮን መልሶ መግጠም ድካሙን ከንቱ ያደርገዋል። ሲልከን ቀብቶ መዝጋትንም አልወድም። ሞተሩ አጠገብ ያለውን ሙቀት አይችለውም፣ ትነቱም የኦክስጅን ሴንሰሩን ሊያበላሽ ይችላል።

ብየዳ ካስፈለገ ቱቦውን አስፈትታችሁ ከመኪናው ውጪ አስበይዱ። የነዳጅ ታንኩ እዚያው ነው ያለው። የግድ መኪናው ላይ ከሆነ የባትሪው ነጌቲቭ ይነቀል፣ የብየዳው የመሬት ገመድም ከሚበየደው ቦታ አጠገብ ይታሰር።

የኔ ብየዳ ለምን ተሰነጠቀ? ቱቦውን የሚያንጠለጥለው ጎማ ተበጥሶ ነበር፤ በያጁ በሽቦ አስሮ ሰጠኝ። ጎማው እየተወዛወዘ ያበርደው የነበረውን ንዝረት ሽቦው ቀጥታ ለብየዳው ሰጠው። ያቺን ትንሽ ጎማ አትናቁ። በእጃችሁ ጠምዘዝ አድርጋችሁ እዩዋት፤ የተሰነጠቀችውን ቀይሩ።

ማርሚታው ራሱ ከበሰበሰ የመኪና ዕቃ ወደሚሸጥበት ሶማሌ ተራ ውረዱ። ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ የነዳጅ አውቶሞቢል ማስገባት ስለተከለከለ ያለችንን መኪና ማሰንበት ግድ ነው፣ ኦሪጅናል ያገለገለ ዕቃም ፈላጊው ብዙ ነው። አሮጌውን ይዛችሁ ሂዱ፣ ጎን ለጎን አስተያዩ። የምትገዙትን አንስታችሁ ነቅንቁት። ውስጡ ከተንኳኳ መከፋፈያው ወልቋል፣ ተዉት። መበስበስ አለመበስበሱን ለማወቅ ስፌቱን በጣት ጫኑት። እኔ ከአዲስ ስስ ላሜራ ይልቅ ደህና ያገለገለ ኦሪጅናል እመርጣለሁ።

ከዚያ በኋላ ያለው እንክብካቤ ቀላል ነው። ማርሚታ የሚበሰብሰው ከውስጥ ነው። ቤንዚን ሲቃጠል ውሃ ይወጣል፣ ውሃው ደግሞ ማርሚታው በደንብ ካልጋለ አይተንም። ከካዛንቺስ ስታዲየም ብቻ የምትመላለስ መኪና ውሃዋን ይዛ ታድራለች። በሳምንት አንድ ቀን ግማሽ ሰዓት ያህል ሳትቆም ንዷት። ማርሚታው ስር ጠብ ጠብ የሚልባት ትንሽ ቀዳዳ ካለች ከፋብሪካ የመጣች ናት፤ እንዳታስበይዷት።

ሞተሩ ከተንቀጠቀጠ ካንዴላውን ቶሎ አስፈትሹ። ሳይቃጠል የወጣ ቤንዚን ካታላይዘሩ ውስጥ ገብቶ ይነድና ያቀልጠዋል። ጥቁር ጭስ ነዳጅ በዝቷል ማለት ነው፤ አሮጌ ካርቡሬተር ያላቸው መኪኖች በዚህ ከፍታ ይህ ይበዛባቸዋል። ሰማያዊ ከሆነ ዘይት እየበላች ነው። ጠዋት ጠዋት ታይቶ የሚጠፋው ነጭ ግን እንፋሎት ነው።

ሥራው ካለቀ ከሳምንት በኋላ፣ ሞተሩ ሳይግል፣ ቡሎኖቹን እንደገና አጥብቁ። ጨርቁንም ድገሙት። እኔ በሁለተኛው ፍተሻ አንድ የላላ ቡሎን አግኝቻለሁ፤ ልጄን ከኋላ ያስቀመጥኳት እሱን ካጠበቅኩ በኋላ ነው።