ፒንጉ 95 ላይ ቆይቶ ድንገት 1000 ሲገባ፦ ኔትወርኩን ከመሳደብህ በፊት

ሪስታርት አድርግ፣ ኤርፕሌን ሞድ አብርተህ አጥፋ፣ ፓኬጅህ አልቆ እንዳይሆን እይ ምናምን የሚለውን እዚህ አልጽፍም። እሱን ሳትሞክር የዶርሜን በር ካንኳኳህ አልከፍትልህም። ባህር ዳር ከመጣሁ አራተኛ ዓመቴ ነው፣ «ጌሜ ስታክ እያደረገ ነው እስኪ እይልኝ» ተብዬ ያየሁት ስልክና ላፕቶፕ ብዛቱ ጠፍቶኛል፣ ችግሩ ግን አብዛኛውን ጊዜ ያው አንዱ ነው።

ፒንግ ማለት ከስልክህ ወይ ከላፕቶፕህ የተላከ ዳታ ሰርቨሩ (ጌሙን የሚያስተናግደው ኮምፒውተር) ጋ ደርሶ እስኪመለስ የሚፈጀው ጊዜ ነው፣ በሚሊሰከንድ ይለካል፣ ሲያንስ ነው ጥሩው። መጀመሪያ ለይ። ፒንጉ ደህና ሆኖ ምስሉ ከተንቀረፈፈ ማሽኑ ነው፣ ታች እመጣበታለሁ። ምስሉ እየሄደ ሰውየው እዚህ ታይቶ እዚያ ከዘለለ፣ ወይ ግድግዳ ጀርባ ገብተህ ካበቃህ በኋላ ከሞትክ ግን ኔትወርክ ነው።

ፒንጉ ሳይዘል ሁሌም 250 ምናምን ላይ ከቆመ ወይ ሰርቨር ተሳስተሃል ወይ ቪፒኤን (ኢንተርኔትህን በሌላ አገር የሚያዞረውን አፕ) ማጥፋት ረስተሃል። ፐብጂ ሞባይል ላይ ሚድል ኢስትን፣ ዶታ ላይ ዱባይን ሞክር፣ ከዚያ አውሮፓን፣ ያነሰውን ያዝ። 20 ፒንግ ግን አትመኝ። ብርሃን ፋይበር ውስጥ በሰከንድ 200,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው የሚሄደው፣ ከጣና ዳር ፍራንክፈርት ቀጥ ብለህ ብትበር እንኳን ወደ 5,000 ኪሎ ሜትር ነው፣ ደርሶ መልስ 50 ሚሊሰከንዱ መንገድ ላይ አለቀ ማለት ነው፣ ገመዱ ደግሞ እንደ አሞራ ቀጥ ብሎ አይሄድም፣ በጎረቤት አገር ዞሮ ነው ባህር የሚገባው።

አሁን ወደ ዋናው። ምልክቱ እንዲህ ነው፦ ፒንጉ 95፣ 97 እያለ ደህና ይቆያል፣ ከዚያ ድንገት 900፣ 1200፣ ጭራሽ ይቋረጣል፣ ትንሽ ቆይቶ ምንም እንዳልተፈጠረ ይመለሳል። ሁሉም ሰው «ኔትወርኩ ነው» ይላል። ብዙውን ጊዜ ኔትወርኩ አይደለም፣ ሆትስፖት የሰጠህ ስልክ አፕሎድ እያደረገ ነው።

ባለፈው ዓመት ሽምብጥ አካባቢ ቤት የተከራዩ ሦስት ልጆች ጋ ሄድኩ፣ ሲም ቀይረዋል፣ ስልኩን መስኮት ላይ አውጥተዋል፣ አንዱማ ጌሙን ሦስት ጊዜ አጥፍቶ ጭኗል (በዚያ ዳታ!)። ላፕቶፑ ላይ ሲኤምዲ (ትእዛዝ የሚጻፍበትን ጥቁር መስኮት) ከፍቼ ፒንግ 8.8.8.8 ሰረዝ ቲ ብዬ፣ ማለትም የጉግልን ሰርቨር ሳያቋርጥ እንዲለካ ለቀቅኩትና ቁጭ ብለን አየን፦ 94፣ 97፣ 95፣ 1140፣ 1312፣ ታይምድ አውት (መልስ የለም)። መስኮቱ ላይ ያለውን ስልክ አነሳሁ፣ ግሏል፣ ኖቲፊኬሽኑን ወደ ታች ስስበው የፎቶ ባክአፕ እየሄደ ነው፣ ልጁ ቅዳሜና እሁድ ወረታ የእህቱ ሰርግ ነበር፣ ጭፈራውን በሙሉ በፎርኬ ቀርጾታል። ባክአፑን ፓውዝ አልኩት፣ ስክሪኑ ላይ 96፣ 94፣ 95። ልጁ እኔን እያየ «እሱማ አፕሎድ ነው፣ ጌም ዳውንሎድ አይደል እንዴ?» አለኝ።

አይደለም። ጌም ስትጫወት ሁለቱም ነው፣ የተኮስከው ጥይት አፕሎድ ነው። የሞባይል ኔትወርክ ላይ ደግሞ የመላኪያው መንገድ ከመቀበያው ይጠባል። አዲሱ የአባይ ድልድይ በ2016 ከመከፈቱ በፊት አሮጌው ላይ ባጃጅ ይዘህ ከአይሱዙ ኋላ የቀረህበትን ቀን አስታውስ። የሰርጉ ቪዲዮ አይሱዙው ነው፣ የጌምህ ዳታ ባጃጇ ናት፣ ትንሽ ናት ግን መቅደም አትችልም፣ ስልኩ ውስጥ ተሰልፋ ትጠብቃለች። ስለዚህ «ስፒድ ቴስት ሳደርግ ፈጣን ነው እኮ» አትበለኝ፣ ስፒድ ሌላ ወረፋ ሌላ።

መፍትሄው፦ ሆትስፖት የሚሰጠው ስልክ ላይ የፎቶ ባክአፕን በሞባይል ዳታ እንዳይሠራ አድርግ፣ ቲክቶክ እየተለጠፈ ከሆነ ይጠበቅ፣ የቴሌግራም አውቶ ዳውንሎድም ይጥፋ። እዚህ ጋ ብዙ ሰው ዳታ ሴቨር ያበራና ሆትስፖቱ ጠፋብኝ ብሎ ይደውልልኛል፣ አንድሮይድ ላይ ዳታ ሴቨር ሲበራ ሆትስፖት አብዛኛውን ጊዜ አይሠራም፣ የያንዳንዱን አፕ ባክግራውንድ ዳታ ለየብቻ ዝጋ።

ቀጥሎ ላፕቶፑ። ዊንዶውስ የስልክ ሆትስፖትን ብዙ ጊዜ እንደ ቤት ዋይፋይ ነው የሚያየው፣ ሳይጠይቅህ አፕዴት ያወርዳል። ዋይፋይ ሴቲንግ ገብተህ ያንን ኮኔክሽን ሚተርድ (ዳታው ተቆጥሮ የሚከፈልበት) አድርገው። ዴሊቨሪ ኦፕቲማይዜሽን የሚባለውንም አጥፋ፣ እሱ ያወረድከውን አፕዴት ለሌላ ኮምፒውተር ሊልክልህ ይችላል። ይሄን የማውቀው ከመጽሐፍ አይደለም፣ አንድ ሴሚስተር ሙሉ የክፍል ልጆቼን «አፕሎድ ያደረገው ማነው» እያልኩ ስጮህ ኖሬ ጥፋቱ የኔው ላፕቶፕ ሆኖ ተገኘ፣ እስካሁን ይስቁብኛል።

ይሄን ሁሉ ዘግተህ አሁንም ከዘለለ በላፕቶፑና በስልኩ መሀል ያለውን ዋይፋይ ጠርጥር። ሲኤምዲ ላይ አይፒኮንፊግ ብለህ ጌትዌይ የሚለውን ቁጥር (የሆትስፖቱን ስልክ አድራሻ) ውሰድና እሱን ፒንግ አድርግ፣ ስልኩ አጠገብህ ስለሆነ ከጥቂት ሚሊሰከንድ ማለፍ የለበትም። እሱ ራሱ 200፣ 300 ከዘለለ የዶርሙ አየር ታጭቋል ማለት ነው፣ 2.4 ጊጋኸርዝ ላይ የማይደራረቡ ቻናሎች ሦስት ብቻ ናቸው፣ አንድ ኮሪደር ላይ ስንት ሆትስፖት እንዳለ ራስህ ቁጠር፣ ብሉቱዝ ኢርፎንህም እዚያው ነው። ሆትስፖቱን ወደ 5 ጊጋኸርዝ ቀይረው፣ ከሁሉም የሚሻለው ግን በዩኤስቢ ገመድ ቴተሪንግ ነው፣ ማለትም የስልኩን ኢንተርኔት በዋይፋይ ሳይሆን በገመድ ለላፕቶፑ መስጠት።

ገመድ ስል ገመድ ማለቴ ነው። አስፋልት ዳር የሚሸጡት አብዛኞቹ ቻርጅ ብቻ ነው የሚያደርጉት፣ ውስጣቸው የዳታ ሽቦ የለም፣ ሁለት ሰዓት ዩኤስቢ ቴተሪንግ አልበራ አለኝ ብሎ ሲታገል የነበረ ልጅ ገመዱን በጥርሴ ልበጥስለት ትንሽ ነበር የቀረኝ። ስትገዛ ሱቁ ውስጥ ላፕቶፕ ላይ ሰክተህ ፋይል አሳልፍበት፣ ሻጩ ቢኮሳተርም ይኮሳተር።

ማሽኑ ሲሆን በአጭሩ። ላፕቶፑ ፍራሽ ላይ ከሆነ አየር መሳቢያው ተደፍኗል፣ ደብተር አስቀምጥበት፣ ሚያዝያና ግንቦት ላይ ያለ ፋን አትክፈት። ቻርጀር ተሰክቶም ፍሬም (በሰከንድ የሚታየው የምስል ብዛት) ከወደቀ ከቻርጀሩ ጀርባ ያለውን ዋት እይ፣ 65 የሚፈልገውን በ45 ካስነዳኸው ራሱን ይቀንሳል፣ ፌክ ቻርጀር ደግሞ የሚጽፈውን ቁጥርም አትመነው። ስልክ ሲግል ከቨሩን አውልቅ። ፍሪጅ ውስጥ አታስገባ! አንዱ ጁስ ቤት ማንጎው መሀል አስቀምጦት ሲያወጣው ካሜራው ውስጥ ውሃ አስቋጠረ። ክረምት ላይ ነጎድጓድ ሲጀምር ከዲቫይደሩ ንቀል፣ ማች ላይ ብትሆንም።

ሁሉም ንጹህ ሆኖ ማታ ከ2 እስከ 5 ሰዓት ብቻ የሚዘል ከሆነ ያኔ አዎ፣ ኔትወርኩ ነው፣ ከተማው በሙሉ አንድ ታወር ላይ ተንጠልጥሏል፣ የሚጠገን ነገር የለም፣ ሌሊት ተነስተህ ሞክር። የሌሊት ፓኬጅ ሲጀምር ግን የክፍልህ ልጅ ፊልም ያዘዘ እንዳይሆን፣ ጠይቀው። «ኧረ ምንም አልከፈትኩም» ነው የሚልህ። ስልኩን ተቀበለውና ራስህ እይ።