ሌሊት ለሚጠራችሁ ሰው ስትሮጡ ቤታችሁን እንዳትረሱ

መንዝ ውስጥ ችግር ቀጠሮ አይዝም። ሌሊት አንዲት እናት ምጥ ከያዛት፣ መንገዱም መኪና የማያስገባ ከሆነ፣ ቃሬዛ ይዞ መውጣት ነው። እኔ ለዓመታት ከሚጠሩት አንዱ ነኝ። በዚህ ሥራ ዕድሜ ልክ መቆየት ለምትፈልጉ የማውቀውን ልንገራችሁ።

መጀመሪያ ከቤተሰብ ጋር ተነጋገሩ። ይህን አትዝለሉት፣ እኔ ዘልዬው ነበር። የእድሩንም የምንጩንም ሥራ ደራርቤ ይዤ፣ ልጄ በሳንባ ምች ስታቃስት የሰው ለቅሶ ድንኳን እተክል ነበር። ባለቤቴ ብቻዋን አዝላት ጤና ጣቢያ ሄደች። ምንም አልተናገረችኝም። ዝምታዋ ግን እስከ ዛሬ ያመኛል።

ስለዚህ አንድ ሥራ ብቻ ያዙ። ቀንም ለዩ። እኛ ዘንድ በ12 ለሚካኤል፣ በ21 ለማርያም አይታረስም፤ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ሰው ስለሚገኝ ስብሰባውንም መዋጮውንም ያኔ ጨርሱ። እሑድ ከሰዓት የቤት ነው፣ ሰው ካልሞተ ወይም ካልታመመ። ገንዘብ ብቻችሁን አትያዙ።

ቃሬዛው ቀድሞ ይዘጋጅ። ሁለት ጠንካራ የባሕር ዛፍ አጣና፣ መሐሉ በጠፍር ወይም በገመድ የተጠላለፈ። ዝናብ ስለሚያበሰብሰው ገመዱን በየወሩ ፈትሹ። የሚሸከመው አራት ሰው ነው፤ ለዳገት ግን ስምንት ሆናችሁ እየተቀያየራችሁ ሂዱ፣ ቁመታቸው የሚቀራረበውንም አጣምሩ፣ አለዚያ እናቲቱን ታንሸራትቷታላችሁ። ዳገት ላይ ራሷ ይቅደም፣ ቁልቁለት ላይ እግሯ። በግራ ጎኗ ትተኛ። የኛ ከተማ መሐል ሜዳ አካባቢው ከባሕር ጠለል ከ3,000 ሜትር በላይ ነው፣ የኅዳር ውርጭ ቀልድ አያውቅም፣ ባና ደርቡላት። አንድ ሰው ደግሞ አስቀድሞ ጤና ጣቢያ ይደውል፣ አምቡላንሱ የመኪና መንገድ ላይ እንዲጠብቃችሁ።

ሁሉንም ልሸከም አትበሉ። የመንዝን የጋራ ሣር መሬት፣ ጓሳን፣ እኮ ለዘመናት የጠበቀው አንድ ጎበዝ አይደለም፤ ቄሮ በሚባለው የቀድሞ የጋራ ጥበቃ ሥርዓት ተደራጅቶ ሣሩ የሚታጨድበትን ጊዜ አብሮ ይወስን የነበረ ሕዝብ ነው። ወጣቶቹን አሁኑኑ አስገቧቸው።

ልጆቻችሁንም ይዛችሁ ውጡ። ያቺ የታመመችው ልጄ ዛሬ ባትሪ ይዛ ከፊት ትመራናለች፣ ቻርጅ ማድረጉም የእሷ ሥራ ነው። ስንመለስ እናቷ እሳት አንድዳ፣ በሶ በጥብጣ ትጠብቀናለች፤ እኔም ጫማዬን ሳላወልቅ በፊት ማን እንደተወለደ እነግራታለሁ።