የባክአፕ ሶፍትዌራችሁ ቨርዥን ስንት ነው? ማሽኑን ራሱን ጠይቁት

አንድ ጊዜ ኦዲተር መጥቶ "ባክአፕ የምትሠሩበት ሶፍትዌር ቨርዥኑ ስንት ነው?" አለኝ። እኔም በኩራት ኤክሴሌን ከፍቼ አነበብኩለት። ሜክሲኮ ያለው ዋናው ቢሮ፣ ፒያሳ፣ ካዛንቺስ፣ ስታዲየም፤ ሁሉም ጋ አንድ ቁጥር። ሰውዬው ግን ዝም ብሎ አይለቅም። "እስቲ የፒያሳውን አብረን እንየው" አለ። ገብተን አየነው። የድሮው ነው። አፕዴቱን የጀመረው ልጅ መሃል ላይ መብራት ሄዶበት "ነገ እጨርሰዋለሁ" ብሎ ወጥቷል፣ ነገ ደግሞ ሌላ ሥራ መጣ፣ እኔ ሳላጣራ ኤክሴሉ ላይ "ተሠርቷል" ብዬ ጽፌያለሁ። ጥፋቱ የኔ ነው። ከዚያ ወዲህ ቁጥሩን በስክሪፕት (ትእዛዞችን በራሱ በሚያስኬድ ፋይል) ከማሽኑ ካልሰማሁ አላምንም።

አንድ ቁጥር ይህን ያህል ያስጨንቃል ወይ ለምትሉ፦ ነሐሴ 2016 መጨረሻ ላይ፣ በፈረንጆቹ መስከረም 2024 መሆኑ ነው፣ ቪም (Veeam) የተባለው የባክአፕ ሶፍትዌር አምራች ሶፍትዌሩ ሲቪኢ-2024-40711 የሚል መለያ ቁጥር የተሰጠው የደህንነት ቀዳዳ እንዳለበት አሳወቀ። ያለ ይለፍ ቃል፣ ከሩቅ ሆኖ፣ የባክአፕ ሰርቨሩ ላይ የፈለጉትን ኮድ ማስኬድ ያስችላል። ክብደቱ ከ10 9.8። 12.1.2.172 እና ከዚያ በታች ያለው የ12 ቨርዥን ተጋላጭ ነበር፣ 12.2.0.334 ላይ ተደፈነ። ብዙም ሳይቆይ የራንሰምዌር ሰዎች፣ ፋይል ቆልፈው ገንዘብ የሚጠይቁት፣ ተጠቀሙበት። ባክአፑ ከተቆለፈ በኋላ ደግሞ ወዴት ትሄዳላችሁ?

ወደ ሥራው እንግባ። ዊንዶውስ ላይ ትእዛዞቹን የምትጽፉት ፓወርሼል ላይ ነው። የትእዛዞቹን ስም እንደሚጠሩት ነው የጻፍኩት፣ ኪቦርድ ላይ ያው በላቲን ትመቱታላችሁ።

መጀመሪያ አንድ ማስጠንቀቂያ። ዊንዶውስ ላይ የተጫነ ፕሮግራም ለማየት ብዙ ሰው ዊን32 ፕሮዳክት የሚለውን ይጠራል። ተዉት። ዝርዝር ብቻ የሚያወጣ ይመስላል እንጂ በኤምኤስአይ (በዊንዶውስ የመጫኛ ፋይል) የተጫነውን ሁሉ አንድ በአንድ ይፈትሻል፣ የተበላሸ ካገኘም ሊጠግን ይነሳል። እየሠራ ባለ ሰርቨር ላይ ይህን ማን ይፈልጋል? በዚያ ላይ ቀርፋፋ ነው።

በእሱ ፈንታ ሬጂስትሪ፣ ዊንዶውስ ቅንብሮቹን የሚያስቀምጥበትን መዝገብ፣ አንብቡ። ሎካል ማሽን ስር ሶፍትዌር፣ ማይክሮሶፍት፣ ዊንዶውስ፣ ከረንት ቨርዥን፣ አንኢንስቶል ድረስ ውረዱ። በጌት-አይተምፕሮፐርቲ ሁሉንም አምጡና ዲስፕሌይኔም ላይ የምትፈልጉትን ስም አጣሩ፣ ከዚያ ዲስፕሌይቨርዥንን ውሰዱ። ለ32 ቢት ፕሮግራሞች ዋው6432ኖድ ስር ያለውንም ጨምሩ፣ አለዚያ የተወሰኑት ያመልጧችኋል። ይሄ ለአብዛኛው ሶፍትዌር ይበቃል። ግን አስተውሉ፣ እዚያ ያለው ጫኚው የጻፈው ቁጥር ነው። በኋላ የገባ ፓች (ቀዳዳ የሚደፍን ማስተካከያ) ሳይነካው ሊያልፍ ይችላል።

ለቪም እኔ ቀጥታ ፋይሉ ጋ ነው የምሄደው። ሬጂስትሪ ውስጥ የቪም ቁልፍ ስር ኮርፓዝ የሚል እሴት አለ፣ ሶፍትዌሩ የተጫነበትን ፎልደር ይነግራችኋል። ፎልደሩን ስክሪፕት ውስጥ በእጅ አትጻፉ፣ አንዱ ሲ ላይ ሌላው ዲ ላይ ጭኖ ይሆናል። እዚያ ፎልደር ውስጥ ቪም ነጥብ ባክአፕ ነጥብ ኮር የሚል ዲኤልኤል (የፕሮግራሙ አካል የሆነ ፋይል) ታገኛላችሁ። በጌት-አይተም ያዙት፣ ቨርዥንኢንፎ ውስጥ ፕሮዳክትቨርዥን የሚለውን አንብቡ። ሦስት መስመር አይሞላም።

እዚህ ጋ ብዙ ሰው የሚሸወድበት ነገር አለ። ቁጥሩ አንድ ሆኖ ፓቹ ሊለያይ ይችላል። በ2023 የወጣውን ሲቪኢ-2023-27532 ውሰዱ። የተደፈነው 12.0.0.1420 ላይ ፒ20230223 የሚባለው ፓች ሲገባ ነው። ፓቹ የሌለውም ሰርቨር 12.0.0.1420 ነው የሚላችሁ! ቁጥሩን ብቻ ያየ ሰው ተረጋግቶ ይተኛል። ስለዚህ ከዚያው ፎልደር ኮንፊገሬሽን የሚለውን ዲኤልኤል በአድ-ታይፕ ጭናችሁ ባክአፕፕሮዳክትን ፍጠሩና ፓቹን ለማየት ማርኬትኔምንም አብራችሁ አውጡ። መጀመሪያ ሰሞን ኮንሶሉ ላይ አባውት ከሚለው ጋር አስተያዩት፣ እስክታምኑት።

ቀጥሎ ማወዳደር። እኔን እዚህ ጋ አንድ ቀን ጉድ ሠርቶኛል። ስክሪፕቱ "ከ12.2 በታች የሆነውን ንገረኝ" ተብሎ 9.5ን ዝም ብሎ አሳለፈው። ለምን? እንደ ጽሑፍ ነው ያወዳደረው፣ 9 ደግሞ ከ1 ይበልጣል፣ አለቀ። ፓወርሼል ላይ ሁለቱንም ቁጥሮች ቨርዥን ወደሚለው ዓይነት ቀይራችሁ ነው ማወዳደር። ሊኑክስ ላይ ሶርት ከትልቁ ቪ ጋር ይሠራላችኋል።

ሰርቨሮቹ ብዙ ከሆኑ ስማቸውን አንድ ጽሑፍ ፋይል ላይ ደርድሩና በኢንቮክ-ኮማንድ ዙሩባቸው። ከዊንዶውስ ሰርቨር 2012 ጀምሮ የሩቁ ግንኙነት ክፍት ሆኖ ነው የሚመጣው፣ ፋየርዎሉ ላይ ፖርት 5985 ወይም 5986 መከፈቱን ብቻ እዩ። ከሜክሲኮ ፒያሳ ታክሲ ተሰልፎ ሄዶ አንድ ቁጥር አንብቦ መመለስ ቀረ ማለት ነው። (ማኪያቶውም ቀረ፣ እሱ ትንሽ ያሳዝናል።)

እባካችሁ ስህተት ሲፈጠር የሚይዙትን ትራይ እና ካች አትርሱ። ኤረርአክሽኑን ስቶፕ አድርጉት፣ አለዚያ ካች ብዙውን ስህተት አይዘውም። ያልመለሰ ሰርቨር ከሪፖርቱ ዝም ብሎ መጥፋት የለበትም፣ ስሙ ፊት ለፊት "አልተገኘም" ተብሎ ይጻፍ። እኔ ጠዋት መጀመሪያ የማየው እነዚያን መስመሮች ነው። ችግር ያለበት ማሽን ብዙ ጊዜ መልስ የማይሰጠው ነውና።

ሊኑክስ ላይ ቀለል ይላል። ኡቡንቱ ከሆነ ዲፒኬጂ-ኩዌሪ፣ የሬድ ሃት ዘመድ ከሆነ አርፒኤም ከኪው ጋር። ችግሩ ሬስቲክን የመሰለ የባክአፕ ፕሮግራም አንዱ ከፓኬጅ፣ ሌላው ደግሞ አውርዶ ዩዘር ሎካል ቢን ውስጥ ያስቀምጠዋል። ያኔ ፓኬጁ አዲስ ነኝ ይላል፣ የሚሠራው ግን አሮጌው ነው። ዊች ከትንሿ ኤ ጋር ስጡት፣ ስንት ቅጂ እንዳለ ያሳያችኋል። ከዚያ ሬስቲክን ራሱን ቨርዥን ብላችሁ ጠይቁት፣ ክሮኑ (ሊኑክስ ላይ ሥራን በሰዓቱ የሚያስነሳው) በሚጠራው ሙሉ መንገድ መሆኑን እያረጋገጣችሁ። ክሮን የሚያየው ፓዝ (ፕሮግራም የሚፈለግባቸው ፎልደሮች ዝርዝር) እናንተ ተርሚናል ላይ ካላችሁ ፓዝ ጋር አንድ አይደለም።

ውጤቱን ወደ ሲኤስቪ (በኮማ የተለየ የሠንጠረዥ ፋይል) ላኩት፣ ቀኑንም አብሩበት። ኤክሴል ላይ ስትከፍቱት የቨርዥኑን ዓምድ ጽሑፍ አድርጉት፤ ካልሆነ 12.10 የነበረውን 12.1 አድርጎ ቁጭ ይላል፣ ከዚያ ማን ይመልሰዋል።

የቀረው ሰዓቱ ነው። ታስክ ስኬጁለር ላይ ይሁን ክሮን ላይ በሳምንት አንዴ ይበቃል። ባልደረባዬን "ሰኞ 2 ሰዓት ላይ አድርገው" ብዬው 02:00 ብሎ ሞላልኝ። ስክሪፕቱ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ፣ ባክአፑ እየተሠራ፣ ሲስተሙ ከላይ እስከ ታች ሲጨናነቅ ነው የሚነሳው። ሁለት ሳምንት ግማሹ ሰርቨር "አልተገኘም" እያለ አስጨነቀን። 08:00 ነው የሚባለው።