አዲስ መኪናችሁ የፊት መስታወቱ ቢሰነጠቅ በዋስትና እንዴት ታስቀይራላችሁ?

ጠዋት ወደ ሥራ ልወጣ ስል ነው ያየሁት። ከዝናብ መጥረጊያው ሥር ተነሥቶ ወደ ላይ የወጣ ቀጭን መስመር። ፀጉር የወደቀ መስሎኝ በእጄ ልጠርገው ሞከርኩ። አልተጠረገም። ማታ ስገባ አልነበረም፤ መኪናዋም ገና ሰባት ወሯ ነው።

ጎረቤቴ አይቶ «ምን ያሳስብሃል፣ ዋስትና አላት አይደል?» አለኝ። አላት። ግን ያቺ ዋስትና አዲስ መስታወት ሆና ባሕር ዳር እስክትደርስ ሁለት ወር አልፏል፤ ከዚያ ውስጥ አንዱ ወር የባከነው በራሴ አፍ ነው። ሻጩ ጋ ደውዬ «ምን ሆኖ ነው የተሰነጠቀው?» ስትለኝ ልጅቷ፣ ሳላስብ «እንጃ፣ ምናልባት ድንጋይ ነክቶት ይሆናል» አልኳት። እሷም «ደንበኛው በድንጋይ ተመታ ብሏል» ብላ መዘገበች። ከዚያ በኋላ ያንን አንድ መስመር ለማስፋቅ የሄድኩበትን መንገድ አትጠይቁኝ። እናንተ እንዳትደግሙት ነው ይህን የምጽፈው።

መጀመሪያ፦ ምንም አትንኩ

ስንጥቁን ባያችሁበት ሰዓት እጃችሁን ሰብስቡ። ሰፈር ውስጥ ሱፐር ግሉ ቀባበት፣ የጥፍር ቀለም አድርግበት የሚል መካሪ አይጠፋም። ሙጫው ስንጥቁን አያቆመውም፤ ከዚያ ይልቅ ከየት እንደተነሣ የሚያሳየውን ምልክት ይደፍነዋል። ያ ምልክት ደግሞ ክርክሩን የሚፈታው ብቸኛ ምስክር ነው።

ፎቶ አንሡ፤ ከውጭም ከውስጥም፣ ከሩቅም ከቅርብም። ከስንጥቁ አጠገብ ማስመሪያ ወይም እስክሪብቶ ይዛችሁ አንሡት፣ ርዝመቱ እንዲታወቅ። ዳሽቦርዱ ላይ ያለውን ኪሎ ሜትርም አንሡ። በማግስቱ ከዚያው ቦታ ድገሙት፣ ስንጥቅ ያድጋላ። የእኔ መጀመሪያ ቀን ከስንዝር ትንሽ ያልፍ ነበር፤ በአራተኛው ቀን ክንድ አህሏል።

እንዳያድግ ከፈለጋችሁ ፀሐይ ላይ አታቁሙት። መጋቢትና ሚያዝያ ላይ የባሕር ዳርን ፀሐይ ታውቁታላችሁ፤ መኪና ውስጥ መቀመጫው ራሱ ያቃጥላል። በጋለ መስታወት ላይ ቀዝቃዛ ውኃ መድፋት ወይም ኤሲውን በአንዴ ወደ መስታወቱ መልቀቅ ስንጥቁን ይጎትተዋል። የሐይቁ ትንኝ መስታወቱን ሲያለብሰው ማጠብ ያምረናል፤ ሲመሽና ሲቀዘቅዝ በእርጥብ ጨርቅ ቀስ ብላችሁ ጥረጉት። በርም በኃይል አትዝጉ።

ከየት እንደተነሣ እወቁ

ነገሩ ሁሉ የሚወሰነው እዚህ ስለሆነ ትንሽ ታገሡኝ።

የፊት መስታወት እንደ ጎኖቹ አይደለም። የጎን መስታወት ሲመታ ደቅቆ እንደ በረዶ ይረግፋል። የፊቱ ግን ሁለት መስታወት ሆኖ መሐሉ ላይ ስስ ፕላስቲክ አለው፤ ለዚህ ነው ተሰንጥቆም የማይወድቀው። ብዙ ጊዜ የሚሰነጠቀው አንደኛው ገጽ ብቻ ነው። ጥፍራችሁን ከውጭም ከውስጥም አስኪዱበት፣ የቱ ጋ እንደሚይዝ ይነግራችኋል።

የፋብሪካ ዋስትና የሚሸፍነው የዕቃና የአሠራር ጉድለትን ነው። ከመንገድ የተፈናጠረ ድንጋይ የፋብሪካው ጥፋት አይደለም፣ ስለዚህ አይሸፍንም። በዚህ መናደድ አይገባም፣ ልክ ነው። ጥያቄው የእናንተ የቱ ነው የሚል ነው።

ድንጋይ የመታው መስታወት የተመታበትን ቦታ ይዞ ይቀራል። ትንሽ ጉድጓድ አለው፣ የምስር ፍሬ የምታህል፣ አንዳንዴም ከዚያ የምታንስ። ከእሷ ዙሪያ እንደ ኮከብ እግር ወይም እንደ ሸረሪት ድር የሚወጡ መስመሮች ይኖራሉ። የእስክሪብቶ ጫፍ ስታስኬዱ ጉድጓዷ ላይ ቀጭ ይላል።

ራሱ የተሰነጠቀ ደግሞ ጉድጓድ የለውም። ከጠርዝ ይነሣል፣ አንድ ለስላሳ መስመር ሆኖ ወደ መሐል ይገባል፣ ከዚያ ይታጠፋል። ሲገጠም መስታወቱ ተጣሞ ከተወጠረ፣ ወይም ጠርዙ ከፋብሪካው ሲወጣ ተነክቶ ከነበረ፣ ሙቀትና ቅዝቃዜ ሲፈራረቅበት አንድ ቀን ይለቃል።

ግን አትቸኩሉ። መስታወቱ ዙሪያውን ጥቁር ቀለም ያለው ጥለት አለው አይደል? ጠጠር እዚያ ላይ ሲመታ ጉድጓዷ አትታይም። መጥረጊያው ሥርም ትደበቃለች። ማታ የስልክ መብራት በአግድም አብርታችሁ፣ መጥረጊያውን አንሥታችሁ፣ ስንጥቁ ጠርዝ የነካበትን ቦታ በጥፍራችሁ ስንዝር በስንዝር ፈትሹ። የሻጩ ባለሙያ መጀመሪያ የሚያየው እዚያ ነው፤ ቀድማችሁት እዩ። ጠጠር ከጫነ ሲኖትራክ ኋላ ስትነዱ ሰንብታችሁ ከሆነ ደግሞ ራሳችሁን አታታሉ።

ጉድጓድ ካገኛችሁ ወደ ኢንሹራንስ ዝለሉ፣ ከታች አለ። ካላገኛችሁ ቀጥሉ።

ወረቀቱን አንብቡ፣ በተለይ ማን እንደፈረመው

የዋስትናውን ደብተር አውጡ። መስታወት በዝርዝሩ ውስጥ አለ? ለስንት ወር፣ ለስንት ኪሎ ሜትር? አንዳንዱ ላይ ለሞተር ረጅም ጊዜ ሰጥቶ ለመስታወትና ለጎማ አጭር ጊዜ ይሰጣል፣ ወይም ጭራሽ ያወጣቸዋል።

ከዚያ ዋስትናውን የሰጠው ማነው የሚለውን እዩ። በ2016 የነዳጅ የቤት መኪና ማስገባት ከተከለከለ ወዲህ የኤሌክትሪኩ በየአቅጣጫው ገብቷል። ከመካከላቸው ለቻይና ገበያ ተሠርተው በግል አስመጪ የመጡ አሉ። በእነዚህ ላይ ቃል የገባላችሁ ፋብሪካው ሳይሆን የሸጠላችሁ ሰው ሊሆን ይችላል። ደረሰኝና ውል ላይ ያልሰፈረ «ዋስትና አለው» ላም አለኝ በሰማይ ነው።

መኪናውን ከገዛችሁ ገና 15 ቀን ካልሞላ ደግሞ ሌላ መንገድ አላችሁ፦ የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 እንከን ያለበት ዕቃ የገዛ ሸማች በዚያ ጊዜ ውስጥ እንዲለወጥለት ወይም ገንዘቡ እንዲመለስለት የመጠየቅ መብት ይሰጠዋል።

በስልክ አታውሩ፣ ጻፉ

መደወል ካለባችሁም «የፊት መስታወቴ ተሰንጥቋል፣ ማመልከቻ ለማን ልስጥ?» ብቻ በሉ። ምክንያቱን ሲጠይቋችሁ «እሱን ባለሙያችሁ አይቶ ይንገረኝ» በሉ፣ አበቃ። መላ አትምቱ። እኔን ያየ ይቀጣ።

ማመልከቻው ረጅም መሆን የለበትም። እኔ በስተመጨረሻ የሠራልኝ ይህን ይመስል ነበር፦

«ጉዳዩ፦ በዋስትና ጊዜ ውስጥ ያለ መኪና የፊት መስታወት መሰንጠቅን ይመለከታል። በ… ቀን ከድርጅታችሁ የገዛሁት፣ የሻንሲ ቁጥሩ … የሆነው መኪና … ኪሎ ሜትር ተነድቶ ሳለ፣ በ… ቀን ጠዋት የፊት መስታወቱ ከታችኛው ጠርዝ ተነሥቶ … ሳንቲ ሜትር ያህል ተሰንጥቆ አግኝቼዋለሁ። በስንጥቁ ላይ የመመታት ምልክት አይታይም። ፎቶዎቹን አያይዣለሁ። በባለሙያ እንዲታይልኝና ውሳኔው ከነምክንያቱ በጽሑፍ እንዲሰጠኝ እጠይቃለሁ።»

ሁለት ኮፒ አድርጉ። አንዱን ስጡ፣ ሌላው ላይ ቀንና ማኅተም አስደርጉበት። «አስቀምጠው፣ እናየዋለን» ካሏችሁ ፈገግ ብላችሁ ቁሙ። ሻጩ አዲስ አበባ ከሆነ በኢሜይልም በቴሌግራምም ላኩ፣ ዋናውን ግን እዚያ ያለ ዘመድ በእጁ ወስዶ ማኅተም ያስመታ።

«መኪናውን አምጣው» ይሏችኋል። ከባሕር ዳር አዲስ አበባ ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፣ የዓባይ በረሃን ወርዶ መውጣት አለ፤ በተሰነጠቀ መስታወት እንዴት ተደርጎ! ቪዲዮ እንዲቀበሉ ወይም እዚሁ ከተማ የሚያምኑት ጋራዥ አይቶ እንዲጽፍላቸው ጠይቁ። የእኔዎቹ ሁለተኛውን ተቀበሉ። የጋራዡ ባለቤት፣ ጠና ያሉ ሰው ናቸው፣ ጥፍራቸውን ሁለት ጊዜ አስኪደው «ልጄ፣ ይሄ ሲገጠም ነው የታመመው» አሉኝ። «ጋሼ፣ ይቺኑ ይጻፉልኝ» አልኳቸው። በግማሽ ገጽ ጻፉልኝ፤ ያቺ ግማሽ ገጽ ናት «ድንጋይ ብሏል» የምትለዋን መስመር ያፈረሰችው።

በጽሑፍ ከከለከሏችሁና ምክንያቱ ካልተዋጠላችሁ ያንን ደብዳቤ ይዛችሁ ለንግድ ቢሮ አቤት ማለት ትችላላችሁ። ያለ ደብዳቤ ብትሄዱ ግን የሚሰማችሁ አታገኙም።

ድንጋይ ከሆነ

ሦስተኛ ወገን ኢንሹራንስ የራሳችሁን መስታወት አይከፍልም፤ የሚክሰው ሌላውን ሰው ነው። ሙሉ ኢንሹራንስ ካላችሁ ሳትቆዩ አሳውቁ። ከዚያ በፊት ግን አንድ ሒሳብ ሥሩ፦ ከኪሳችሁ የምትችሉት ድርሻ ስንት ነው፣ ካሳ ባለመጠየቃችሁ የሚደረግላችሁ ቅናሽስ ስንት ይቀርባችኋል? አንዳንዴ በራስ ከፍሎ ማሠራት ይረክሳል። ከሳንቲም የማትበልጥ ፍንጣሪ ከሹፌሩ ዓይን ፊት ለፊት ካልሆነች መቀየርም ላያስፈልጋት ይችላል፣ በልዩ ሙጫ የሚሞሉ ባለሙያዎች አሉ። እስክትወስዱት ድረስ አቧራ እንዳይገባባት ስኮች ለጥፉባት።

መስታወቱ ሲመጣ

ከአዲስ አበባ በአይሱዙ ከተጫነ ቆሞ ይጓዝ፣ አጋድመው ሌላ ዕቃ እንዳይጭኑበት። ስትረከቡ ከመፈረማችሁ በፊት ካርቶኑን ከፍታችሁ አራቱንም ጠርዝ እዩ። ጥጉ ላይ ያለው የፋብሪካ ምልክት ከጎን መስታወቶቻችሁ ጋር አንድ መሆኑንም አስተያዩ፤ የተለየ ከሆነ ጠይቁ።

ሲገጠም አጠገቡ ሁኑ። የሚያጣብቀው ለመኪና መስታወት የተሠራ ሙጫ መሆን አለበት፣ የመታጠቢያ ቤት ሲሊኮን አይደለም። ነገሩ ዝናብ ከማስገባት ያልፋል፦ መስታወቱ ጣሪያውን ይደግፋል፣ በብዙ መኪኖች ላይም የተሳፋሪው ኤርባግ ሲፈነዳ የሚደገፈው እሱን ነው። ዝገት ከታየ ሳይጸዳ ሙጫ አይደረግበት። ከኋላ ማሳያው መስተዋት ጀርባ ካሜራ ያለው መኪና ከሆነ ካሜራው እንደገና መስተካከል አለበት፣ ይህንንም የዋስትናው ሥራ አካል አድርጋችሁ አስጽፉት።

ከዚያ ስንት ሰዓት ሳይነዳ መቆም እንዳለበት ሠሪውን ጠይቁት፣ እንደ ሙጫው ይለያያል። እኔ አንድ ሌሊት አሳደርኳት። በመጀመሪያው ቀን አንዱን መስኮት ትንሽ ክፍት አድርጉ፣ በር ሲዘጋ ታፍኖ የሚገፋው አየር መስታወቱን እንዳያንቀሳቅሰው። ሁለት ቀን አትጠቡ። ከዚያ ውኃ አፍስሳችሁ ከውስጥ እርጥበት መኖሩን እዩ፣ ክረምት ገብቶ ከምታውቁት።

አንድ የረሳኋት ነገር። አሮጌው መስታወት ለምርመራ ወደ ሻጩ ይመለሳል፤ ከመመለሱ በፊት ቦሎውንና የኢንሹራንሱን ስቲከር ላጡ፣ ቢቀደድም ቁራጩን ያዙ፣ ምትክ ስትጠይቁ ይጠቅማችኋል። እኔ አልላጥኩም። በሦስተኛው ቀን አዲሱ የዓባይ ድልድይ አካባቢ ትራፊክ አስቆመኝ።

«ቦሎው የታለ?»

«መስታወቱ ላይ ነበር።»

«መስታወቱስ?»

«አዲስ አበባ ሄደ።»