ቀኑ እየታየ ቴስቱ «የለም» ሲል
ኮምቦልቻ ውስጥ ለምንሠራው የአውቶቡስ ትኬት አፕ የመነሻ ቀን መምረጫውን በኤስፕሬሶ (የአንድሮይድ አፕን በኮድ የሚፈትሽ መሣሪያ) ስፈትሽ፣ 11 ቁጥር ስክሪኑ ላይ ቁልጭ ብሎ እየታየ ቴስቱ «እንዲህ ያለ ቪው (የስክሪን አካል) የለም» ብሎ ይወድቃል።

ስሊፕ (ቴስቱን ጥቂት የሚያስጠብቅ ትእዛዝ) ጨመርኩ፣ አኒሜሽን አጠፋሁ፤ ወይ ፍንክች። በዩአይ አውቶሜተር (ሌላ የመፈተሻ መሣሪያ) ቁጥሩ ተገኘ፤ ግን የሚፈለገው በቀኑ መግለጫ ጽሑፍ ስለሆነ የስልኩ ቋንቋ አማርኛ ሲሆን የወሩ ስም ተለውጦ እንደገና ወደቀ።

ነገሩ ወዲህ ነው፦ የአንድሮይድ ዴትፒከር (ቀን መምረጫው) ቀኖቹን ለየብቻ ቪው አያደርጋቸውም፣ አንድ ቪው ላይ ይስላቸዋል። ስለዚህ ቁጥር መፈለጉን ትቼ ኤስፕሬሶ ኮንትሪብን (የኤስፕሬሶ ተጨማሪ ላይብረሪ) ጨመርኩ፤ ዴትፒከሩን በክላሱ ይዤ በውስጡ ባለው የፒከርአክሽንስ ሴትዴት (ቀን የሚሞላ ትእዛዝ) 2024፣ 9፣ 11 ብዬ ዓመት፣ ወርና ቀን ሰጠሁት። «እሺ»ንም በጽሑፉ ሳይሆን በመለያው፣ በተን1 ብዬ ነካሁት። አለፈ። ሴትዴት ወርን ከ1 ይጀምራል፣ ዴትፒከሩ ራሱ ግን ከ0፤ እንዳታምታቱት። ማቴሪያል ዴትፒከር (የጉግል ሌላ ቀን መምረጫ) ላይ ይሄ አይሠራም፣ ክላሱ ሌላ ነው።

አፑ ቀኑን በኛ አቆጣጠር የሚያሳይ ከሆነ ሁለት ዓመት ፈትሹ፦ መስከረም 1 2017 ሴፕቴምበር 11 2024 ነው፤ መስከረም 1 2016 ግን የዋለው ሴፕቴምበር 12 2023 ነው፣ የ2015 ጳጉሜ 6 ቀን ስለነበረች።